ነፋስ መቀበያ

ማክሰኞ ጠዋት ሰማያዊውን ቆርቆሮ ግንቡ ላይ ሲሰቅሉት እኔ የሰው ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። መሰላል ሲጎተት ሰማሁ። መዶሻ ሰማሁ። ሠራተኞቹ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ያስደነገጠኝ ጸጥታው ነው፤ የኛ ደረጃ ዝም ብሎ አያውቅም። መቶ አርባ ደረጃ ነው፣ ከላይኛው ሰፈር እስከ ታች ገበያው ድረስ፣ ግራና ቀኙ ቤት። ሰው ሲወጣ ያለከልካል፣ ሲወርድ ያወራል። ዝም ካለ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ስለ አንቺ እየተወራ ነው።

ካውያውን ነቅዬ ወጣሁ። ጫማ ሰፊው ወስፌውን እንደያዘ ቆሟል። አትክልት ሻጯ ጎረቤቴ ቃሪያ ስትመዝን እጇ አየር ላይ ቀርቷል። ጫማ ሰፊው ቀድሞ አየኝ።

«እትዬ፣ ግቢ በናትሽ። ፀሐይ ነው» አለኝ።

ሰማዩ ደመና ነበር።

ቀና ብዬ አነበብኩ። አናቱ ላይ በትልቁ «የናፍቆት ጥግ» ይላል። ከሥሩ በትንሹ «አንዲት ሚስት የሄደ ባሏን ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችበት» ይላል። ከዚያም ሥር ሁለት መስመር ግጥም አለ፦

ግንብ ነው ዙሪያውን፣ ነፋስ የለም ማታ፣
የምትጠብቀው ሰው ሄዷል ላንዳፍታ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው። ያስተማረችኝ ትንሿ ልጄ ናት፣ ከሸሚዝ ክምር ሥር ተቀምጣ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ እየጻፈች። እሷ ባስተማረችኝ ፊደል የራሴን ገመና ግንብ ላይ አነበብኩት።

እንግዲህ ልንገራችሁ፤ ቆርቆሮ ላይ ከተጻፈ ወዲያ ምን እደብቃለሁ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ባሌ «ሳሙና ገዝቼ መጣሁ» ብሎ ያን ጥግ አልፎ ታጠፈ። ታጠፈ፣ አለቀ። ትልቁ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ግድግዳ ይዛ መቆም መጀመሯ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አመሻሽ ላይ ሥራዬን ስጨርስ እወጣና ጥጉ ላይ እቆማለሁ። በሳምንቱ አትክልት ሻጯ «ምነው እዚህ ቆምሽ?» አለችኝ። «ካውያው አንድዶኝ፣ ነፋስ ልቀበል ነው» አልኳት።

ጥጉ በሦስት በኩል ግንብ ነው። ነፋስ የሚባል ነገር ደርሶበት አያውቅም፤ እዚያ ክብሪት ብትጭሩ እሳቱ እንኳ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልቀው። እሷ ግን ዓይኗን ሳታርገበግብ «እውነትሽን ነው፣ እዚህ ጋ ደህና ነፋስ አለ» አለች። በነጋታው ጫማ ሰፊው መጣና አጠገቤ ቆሞ ኮሌታውን ከፈት አድርጎ «ተመስገን፣ ምን ያለ ነፋስ ነው» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያን ጥግ ነፋስ መቀበያ አለው። እንግዳ መንገድ ሲጠይቅ «ነፋስ መቀበያን አልፈህ ሁለት ደረጃ ውረድ፣ የካውያ ሽታ ይመጣልሃል» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አፉ አምልጦት አያውቅም። ሲጣሉኝ እንኳ። አንዴ አትክልት ሻጯ በውኃ ተራ ተጣልታኝ እናቴን፣ አያቴን፣ ያልተወለደ የልጅ ልጄን ሳይቀር ስትሰድብ ጥጉን አልነካችውም። ውሸቴን ተሸክመውልኛል። ሰፈሬ የምለው ይህን ነው፤ ቤቱማ ድንጋይ ነው።

ለፈጣሪዬ የነበረኝ ጸሎት አንድ ነው፦ ልጄ እዚያ ጥግ ላይ እንዳትቆም። ሌላውን እሱ ያውቃል።

ቆርቆሮውን ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቼ ዞርኩ። ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። የተገለጥኩት እኔ፣ ያፈሩት እነሱ። ያን ጊዜ ነው ንዴቱ ከእግሬ ተነስቶ ጆሮዬ ድረስ የወጣው።

* * *

ማን እንዳሰቀለው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሜትሩ ነው።

ሜትሩ ያልነው እኛ ነን። የማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ሠራተኛ ነው፣ ከደረጃው አናት ላይ ያለው ትልቁ ቤት ልጅ፣ የሐኪሙ ልጅ። የነሱን ጠረጴዛ ልብስ የምተኩሰው እኔ ነኝ። አምና ሜትር ይዞ ደረጃውን እየለካ ወረደና ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ትንሿን «ይህ ጥግ ቁጥሩ ስንት ነው?» አላት።

«ቁጥር የለውም። ታሪክ ነው ያለው» አለችው።

«ታሪክ ካርታ ላይ አይገባም እኮ።»

«እንግዲያ ካርታህ ጠቦ ነው።»

ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲያ እሱ ይለካል፣ እሷ ትተርካለች። እፎይን አሳየችው፤ ድሮ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሸክሟን አውርዳ «እፎይ» ያለችበት ሰፊ ደረጃ ነው፣ እስከ ዛሬ ዕቃ የያዘ ሁሉ እዚያ ያርፋል። የአማት ምላስን አሳየችው፤ ቀጭን፣ ስለታም፣ ማለቂያ የሌለው ቁልቁለት። ዞር በልን አሳየችው፤ ሁለት የተኳረፉ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተገናኝተው አንዱም ላንዱ አልለቅም ብሎ ግማሽ ቀን ሙሉ ተፋጠው የዋሉበት ጠባብ ቦታ። እሱ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል፤ ዓይኑ ግን ሜትሩ ላይ አልነበረም። እሷም የምታወራው ለሱ ነው፣ የምታየው ግንቡን። እኔ ሸሚዝ እየተኮስኩ በመስኮት አያለሁ። እናት አታይም ያለው ማን ነው?

እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ነገር ሠርቷል። አለቆቹ ደረጃውን በቁጥር እንከፋፍለው ሲሉ ወራት ተሟግቶ በስሞቻችን እንዲጻፍ ያደረገው እሱ ነው። እፎይ ላይ ሰሌዳው የተሰቀለ ቀን አትክልት ሻጯ በመዳፏ እየደባበሰች አልቅሳለች።

ነገር ግን ሰውየው አንድ ቀን እንኳ በራችንን አልፎ አልገባም። እናቱ አትወድም። የልብስ ተኳሽ ልጅ። ስለዚህ ኮቱን ይልካል። አንድ ግራጫ ኮት አለው፣ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል። የሰው ልጅ ኮት በሳምንት ሁለቴ አይቆሽሽም፣ ከሰል ካልተሸከመበት። የቤታቸው ሠራተኛ ታመጣዋለች፣ ትንሿ ትቀበላለች፣ የውስጥ ኪሱን ትዳብሳለች፣ ፊቷ ይበራል። ሲመለስ ደግሞ የሷ ወረቀት እዚያው ኪስ ውስጥ አለ። ደብዳቤያቸው እንዲህ ነበር የሚመላለሰው። ስንቴ ልናገራት ብዬ ተውኩት። ደስታ ቤታችን አዘውትሮ አይመጣም፣ ልረብሸው አልፈለግሁም።

የዚያን ማክሰኞ ትንሿ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ስትገባ እኔ ጠረጴዛው ጋ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

«ምኑን?»

«ውጪና አንብቢ። ማንበብ ታውቂያለሽ።»

ወጣች። ስትመለስ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ልብሱን የት እንዳስቀመጠችው አላወቀችም፣ መሬት ላይ ለቀቀችው።

«እማዬ፣ ለሱ ብቻ ነው የጻፍኩት።»

«ለምን ጻፍሽ?»

«ስለ ሌላው ሁሉ በአፌ ነገርኩት። እዚህ ጥግ ስንደርስ ዝም አልኩ። ይህኛውስ አለኝ፣ መናገር አቃተኝ። ስላቃተኝ ገጠምኩት።»

«እስቲ በይው። ቆርቆሮው ላይ ግማሹ ነው ያለው። ሙሉውን ልስማ።»

አንገቷን ደፍታ፣ ፊደል ስታስቆጥረኝ በነበረው ድምፅ አለችው፦

ነፋስ ልቀበል ነው ትላለች እናቴ፣
ከጥጉ ላይ ቆማ ጀርባዋን ለቤቴ፤
ግንብ ነው ዙሪያውን፣ ነፋስ የለም ማታ፣
የምትጠብቀው ሰው ሄዷል ላንዳፍታ።

እውነት ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው። ጀርባዋን ለቤቴ። ለካ መስኮቱ ላይ ሆና ጀርባዬን ታይ ነበር። እኔ ሞኟ፣ ሰፈሩ ያመነ ሲያስመስልልኝ ልጄ ከልቧ ያመነችኝ መስሎኝ።

አፌን ፈጣሪ ይቅር ይበለው። «ከአባትሽ የባስሽ» አልኳት። «እሱ ጥሎኝ ሲሄድ ግንብ ላይ አልጻፈብኝም።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እሱን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብትሰድቢው ኖሮ፣ እኔም ባልጻፍኩ ነበር» አለችኝ።

ሸሚዙን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ መልሼ አነሳሁ። ሁለታችንም በአንድ ክፍል ውስጥ ቆመን የየራሳችን ንዴት ላይ እንደ ድስት ክዳን ተደፍተን ዋልን።

* * *

ከቀትር በኋላ ሰሌዳዎቹን ሊመርቁ ወረዱ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ከፊት፣ ሁለት ሦስት ሰዎች ከኋላው፣ የሐኪሙ ሚስት ጃንጥላ ይዛ፣ ሜትሩ ግራጫ ኮቱን ለብሶ። እፎይ ላይ አጨበጨቡ። የአማት ምላስ ላይ የሐኪሙ ሚስት ሳትስቅ ሌሎቹ ሳቁ። ነፋስ መቀበያ ሲደርሱ ግን የኛ ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሞ ነበርና ማንም እጁን አላነሳም።

ትንሿ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ፣ አንድ ነገር ታደርጋለች ብዬ ፈርቼ።

ሜትሩ ከሩቅ አያት። ፈገግታው እላይ ደረጃ ላይ ጀምሮ እሷ ጋ እስኪደርስ እየሰፋ መጣ። ደስ ያላት መስሎታል፤ ስጦታ አምጥቶ እስኪከፈትለት እንደሚጠብቅ ሰው አያት።

«ወደድሽው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውርደው።»

«ምን?»

«አውርደው። አሁን።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቦታ አጥቶ ቀረ። «ለዚህ ሰሌዳ ስንት ወር እንደተሟገትኩ ታውቂያለሽ። ያንቺ ግጥም ነው፣ ሰፈሩ እንዳይረሳው ብዬ...»

«ሰፈሩ መች ረሳው? ሰፈሩ የሚያውቀውን ላለመናገር ሃያ ሁለት ዓመት ምላሱን ነክሶ የኖረ ሰፈር ነው። አንተ በአንድ ጠዋት ጮኸህ ተናገርከው።»

«እናትሽ እኮ ተስማምተዋል።»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። «እኔ?» አልኩ።

«ጽፌልዎት ነበር» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ አፍ ለአፍ ሲያናግረኝ ያ የመጀመሪያው ነው። «ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን በሙሉ ገልብጬ፣ በፖስታ አድርጌ፣ ኮቴ ኪስ ውስጥ አኖርኩልዎት። ካልተስማሙ ይመልሱልኝ፣ ከተስማሙ እርስዎ ጋ ይቅር ብዬ። ኮቱ ሲመጣ ኪሱ ባዶ ነበር።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ትንሿ ለመምህርነት ፈተና ሦስት ቀን የሄደች ጊዜ ነው። ኮቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ፖስታ አገኘሁ፣ ላዩ ላይ ስም የለውም። የልጆቹ ወረቀት በፖስታ መጥቶ አያውቅምና የሐኪሙ ቤት ጉዳይ መሰለኝ። በኛ ሙያ ደግሞ ሕግ አለ፤ ኪስ ውስጥ የተገኘ ነገር አይነበብም፣ ለቤቱ ሰው በእጅ ይመለሳል። ባል የሚስቱን ልብስ ሲያመጣ፣ ሚስት የባሏን ስታመጣ፣ ስንት ትዳር ያፈረሰ ወረቀት በእጄ አልፏል፤ አንዱንም አላነበብኩ።

«መልሻለሁ» አልኩት። «ሳልከፍተው። የጠረጴዛ ልብሱን ላደርስ ስመጣ ለናትህ በእጃቸው ሰጠሁ።»

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ጃንጥላው ዞረ።

«መንገድ ላይ የቤት ነገር አይወራም» አለች የሐኪሙ ሚስት። «ና፣ እንሂድ።»

«እማ፣ ደብዳቤው የታለ?»

«ቀደድኩት። ምን ላድርገው? ልጄ ለልብስ ተኳሽ ከታላቅ አክብሮት ጋር ብሎ ሲጽፍ፣ ላስቀምጠው? ልሸልመው?» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ልጅሽን ያዢ።»

በሃያ ዓመት ውስጥ ክፉ ቃል ተናግሬያት አላውቅም። ጸሎት የማደርግ ሴት ነኝ፣ ምላሴን እጠብቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ፈታሁት።

«የርስዎን ጠረጴዛ ልብስ ሃያ ዓመት ስተኩስ አንድ ቀን እድፉን አይቼ ምን በላችሁ፣ ማን መጣ፣ ማን አለቀሰበት ብዬ አልጠየቅሁም። በኛ ሙያ የሰው ኪስም የሰው እድፍም አይነበብም። እኔ ፊደል ያወቅሁት ትናንት ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ አነበቡት፣ ቀደዱት።»

አትክልት ሻጯ «እሰይ» አለች፣ ቃሪያዋን እየመዘነች። ገዢ እንኳ አልነበረም።

ሜትሩ ወደ ትንሿ ዞረ። ከላዩ ላይ ድንጋይ የወረደለት ሰው መሰለ። «አየሽ? ጠይቄ ነበር። ጥፋቱ የኔ አይደለም።»

«እኔን ጠየቅከኝ?»

«አንቺማ...»

«የማን ግጥም ነው? ለማን ነው የጻፍኩት? በአፌ መናገር አቅቶኝ ሌሊቱን በግጥም የነገርኩህን ወስደህ ለማዘጋጃ ቤት ሰጠህ። ከዚያ እናቴን ለመጠየቅ ኮት ላክህ። ኮት! ሁለት እግር አለህ፣ መቶ አርባውን ደረጃ በሴንቲሜትር ታውቀዋለህ፣ የኛ በር ላይ ያለችው አንዲት ደረጃ ግን አቃተችህ።»

«እናቴ...»

«እናትህን ተዋት። አንተን ነው የማናግረው። አንተ የምትወደኝ በኪስ ነው። ማንም እንዳያይ አጣጥፈህ። የኔን እናት ግን ማንም እንዲያይ ሰቀልካት።»

ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የጥፋተኛ ዓይን እንጂ የክፉ ዓይን አልነበረም፤ ያም ይበልጥ አናደደኝ፣ ክፉ ቢሆን ሥራዬን ያቀልልኝ ነበር።

ያን ጊዜ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ ገባ፣ ደግ ሰው ነው መቼም፣ ነገር ሊያበርድ ብሎ። «እናቴ፣ አይቀየሙ። እኛ እኮ በክብር ነው ያየነው። ታማኝነት ነው። ናፍቆት ነው። ስንቱ ሰው እዚህ ቆሞ ያነበዋል።»

«ናፍቆት?» አልኩ።

ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

«ናፍቆት አይደለም ያቆመኝ። ማን ናፈቀው? ሄጄ ጥጉ ላይ የምቆመው የምለውን ይዤ ነው። ቢመጣ፣ ሳሙናው የታል ልለው ነው። ልጁ ሲታመም በጀርባዬ አዝዬ ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁትን ልነግረው ነው። ልጂቱ አባቴ የት ሄደ ባለችኝ ቁጥር ስንት ዓይነት ውሸት እንደፈጠርኩ ልቆጥርለት ነው። በየቀኑ አንድ ስድብ እየጨመርኩ፣ በልቤ እያጠናሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት! ይህን ናፍቆት አላችሁት? በሰማያዊ ቀለም?»

ጫማ ሰፊው ወስፌውን ኪሱ ከተተ። የኔ ደረት ከዚያ ሰውዬ ጋ ከተጋባሁ ጀምሮ እንደዚያን ቀን ሰፍቶ አያውቅም። ትንሿ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። በእጇ አያያዝ ብቻ፣ ጠዋት ያልኳትን ይቅር እንዳለችኝ አወቅሁ።

ሜትሩ ጫማ ሰፊውን «ጋሼ፣ ፒንሳ አለዎት?» አለው።

ኃላፊው «የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው፣ ተው» አለው። አልሰማውም። እናቱ በስሙ ጠራችው። አልሰማትም። ያ መሰላል ተወስዶ ነበርና የጫማ ሰፊውን በርጩማ አስጠግቶ ወጣበትና ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ። የመጨረሻው እምቢ አለው። በፒንሳ ሲታገለው ቆርቆሮው ተፈናጥሮ መዳፉን ሸረከተው፣ ደሙ በግራጫው ኮት እጅጌ ወረደ። አልጠረገውም። ወርዶ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ ቆመ።

«ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። «ምን ተብሎ ይጻፍ? እርስዎ ያሉትን እጽፋለሁ።»

«ምንም አይጻፍ። የሚያውቅ ያውቀዋል። የማያውቅ ይጠይቅ፣ ሰው አለ።»

ራሱን ነቀነቀ። ኃላፊውና ሰዎቹ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። የሐኪሙ ሚስት አምስት ደረጃ ያህል ወጥታ ቆመች፣ ልጇ እንዲከተላት። እሱ ግን ወደ ትንሿ ዞረ።

«ሰኞ ሊልኩኝ ነው» አላት። «ሩቅ ወረዳ ነው። ገና ካርታ የለውም። ስምንት ወር ይፈጃል። አሁን ካደረግሁት በኋላ ደግሞ ከዚያ በላይ ያቆዩኝ ይሆናል።»

ትንሿ ከእጁ የሚንጠባጠበውን ደም አየች።

«በድያለሁ። የምትይኝ ሁሉ ልክ ነው። ግን ስመለስ በበሩ ነው የምመጣው፣ በቀን፣ ሰው እያየ። ስምንት ወር ብቻ።» ትንፋሹን ሳበ። «ጠብቂኝ።»

ጌታዬ ሆይ። ምን እንዳለ አላወቀውም። የት ቆማ እንደሚላት አላየም። ልጄ የቆመችው እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጫማዬን የጨረስኩባት ድንጋይ ላይ ነው። ጀርባዋ ወደ ቤታችን፣ ፊቷ ወደ መታጠፊያው። ክንዷን ይዤ ልጎትታት ፈለግሁ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። እሺ ልትል ነው ብዬ አሰብኩ። እንዴት እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ኪስ ስትዳብስ አይቻታለሁ። የሚወድ ሰው አፉ የሚያውቀው ቃል እሺ ነው። እኔም ያን ቀን «ሳሙና ገዝቼ መጣሁ» ሲለኝ እሺ ነው ያልኩት።

«አልጠብቅህም» አለች።

ፊቱ ነጣ። «አትወጂኝም?»

«እወድሃለሁ። አልጠብቅህም። ሁለቱ አንድ የሚመስለው ቆርቆሮ ላይ ነው።»

«እንግዲህ ምን ላድርግ?»

«እኔ እንጃ። ሥራዬን እሠራለሁ። ፈተናዬን ካለፍኩ አስተምራለሁ፣ የላኩኝ ቦታ እሄዳለሁ። ደስ ሲለኝ እስቃለሁ። ስትመለስ ካገኘኸኝ፣ አፍ አውጥተህ ተናገር፤ ያኔ የምመልስልህን ያኔ አውቃለሁ። ካጣኸኝ ደግሞ አንተ ቁምና ጠብቅ። ጥጉ ባዶ ነው።»

ይህን ስትል ድምፇ አንዴ ተሰበረ፣ መሀል ላይ፣ «እስቃለሁ» ስትል። ሰምቶታል። እኔም ሰምቻለሁ። አንድ እርምጃ ወደሷ መጣ፣ የደማውን እጁን ዘረጋ፣ እሷ ግን ዞራ ሁለቱን ደረጃ ወርዳ ሱቁ ገባች። እሱ ቆርቆሮውን ታቅፎ ቆመ። እናቱ ከላይ ስትጠራው፣ እኔ ከታች ሳየው፣ ለማንኛችንም የማይሆን ልጅ መሰለ። ልቤ ራራለት፣ አልዋሽም። ራርቶ ግን ይቅር አላለውም፤ ንዴቴ ገና ትኩስ ነበር።

ስገባ ትንሿ ካውያውን ሰክታ፣ ጠዋት መሬት የጣለችውን ልብስ አንስታ ትተኩሳለች። ኃይል ታበዛለች፣ ጠረጴዛው ይንቋቋል። አጠገቧ ቆሜ ማጠፍ ጀመርኩ። ሦስት ሸሚዝ አጠፍኩ።

«ክፉ ተናገርኩት?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ትንሽ።»

«ይመጣል ትያለሽ?»

እናት ነኝ፤ ይመጣል ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ውሸት ለልጅ መጠቅለያ ነው ብዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዋጥኩት።

«አላውቅም» አልኳት። «ሰው ነው። ሰው ይመጣልም፣ ይቀራልም።»

«እኔም አላውቅም» አለችና የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጣ ተጫነችው።

እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ ሸሚዙ ላይ ጠብ ሲል ካውያው ያጤሰዋል። እጇ ግን አልቆመም፣ ዓይኗም ወደ መስኮቱ አንዴም አልሄደ። እንዲህ የተቆጣ ፊት፣ እንዲህ ያማረ ፊት በዘመኔ አላየሁም። ፈጣሪዬ፣ አልኩ በልቤ፣ እኔስ ያን ጊዜ እንዲህ መቆጣት ብችል ኖሮ።